ባዶ የማይመለስ ሳህን

ሙላው ክፉ ነው ብትሉ የሚያውቁት ሁሉ ይስቁባችሁ ነበር። ሴንት ፖል፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ግሮሰሪ ያለው፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ የገባውን ሁሉ በሁለት እጁ የሚጨብጥ፣ ለቅሶ ሲሆን የውሃ ካርቶን ተሸክሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። ታዲያ ክፉ ሰው ግንባሩ ላይ ተጽፎበት ይዞራል ያለው ማን ነው? ክፋቱን የሚያውቃት እሱ ራሱ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን ክፋት ብሎ አልጠራትም። «ለልጄ ስል ነው» ነበር የሚለው።

ልጁ ገና አልተወለደም። ሚስቱ ስንታየሁ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ሳይጸኑ ቀርተዋል፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ምንም የለም። ምእመኑ ጾሞላቸዋል፣ ፓስተሩ ዘይት ቀብቷቸዋል፣ ሐኪሞቹም ተስፋ አትቁረጡ ማለቱን ትተው ነበር። በዚያ ክረምት መግቢያ ላይ ግን ስንታየሁ ሆዷ ገፍቶ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። መድረክ ላይ ጠርተዋቸው ሕዝቡ እልል ሲል ሙላው ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ፤ ልቅሶው የእውነት ነበር። ይህን ልጅ የፈለገውን ያህል በዚህ ዓለም የፈለገው ነገር የለም። ይህችን እወቁለት፤ የቀረውን ግን እኔ አልምርለትም።

ልጅ ዕድሉን ይዞ ይመጣል ይባላል። ሙላው ግን ዕድሉን ቀድሞ ሊያሰፋለት ቸኮለ፤ ሊያሰፋው ያሰበውም በጎረቤቱ በኩል ነበር። ሕንጻው አንድ፣ በሩ ሁለት ነው። በቀኝ የሙላው ግሮሰሪ፣ በግራ የፈነት ቁርስ ቤት። ፈነት የነቀምት ሰው ናት፤ ባሏ ከሞተባት ወዲህ ብቻዋን ጨጨብሳና ገንፎ እየሠራች የታክሲ ሹፌሮችን ሆድ ስትሞላ የኖረች፣ ድምጿ ትልቅ፣ ሳቋ ከድምጿ የሚበልጥ፣ ሙላውን በዕድሜ የምትቀድም ሴት። ከሁለቱ ቤት በታች ያለው ቤዝመንት ግን የጋራ ነው። መሃሉን በጣውላ ከፍለው ግማሹን እሱ፣ ግማሹን እሷ ይዘዋል፤ ማለፊያው መዝጊያ እንኳ የለውም። ድሮ መዝጊያ ያስፈለገው ሰው አልነበረም። እሷ ጨው ሲያልቅባት በዚያ ታልፋለች፣ እሱ ሽንኩርት ሲያልቅበት በዚያ ያልፋል፤ ዕቃ ሲመላለስም ሳህኑ ባዶውን አይመለስም ነበር።

ከዚያ ሙላው ሱቄን ላስፋበት፣ የያዝሽውን የሕንጻ ግማሽ ልቀቂልኝ አላት። ቀልድ መስሏት ከት ብላ ሳቀች። ቀልድ አለመሆኑ ሲገባት ደግሞ እንጀራዬ ነው፣ የት ልሂድልህ ብላ እንቢ አለች። አንጀቱ ውስጥ የቀረው እንቢታዋ አይደለም፤ ሳቋ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነፈጋት። ሚስቱንም «ከዚያች ሴት ቤት እግርሽ እንዳይረግጥ፤ ቤቷ አይጥ በአይጥ ነው» አላት።

አይጥስ ነበር፤ ዋሸ አልልም። የመጀመሪያው በረዶ ሲወርድ የመንገዱ አይጥ ሁሉ ሙቀት ፍለጋ ሕንጻው ውስጥ ይገባል። ግን የገባው የት ነው? የጤፉና የዱቄቱ ማዳበሪያ የተደረደረው ሙላው ዘንድ ነዋ! ፈነት እህሏን በክዳን ዘግታ፣ ወለሏን በበረኪና አጥባ ነው ማታ የምትወጣው። አይጥ እሷ ቤት ገብቶ ምን ሊበላ?

የሕንጻው ባለቤት ሽማግሌ ፈረንጅ ነው። ሙላው ሄዶ ቢለማመጠው ሽማግሌው ኪራይዋን የምትከፍል ሴት አላስወጣም አለው። ደግሞም ጨመረለት፤ የከተማው ኢንስፔክተር ከፈረንጆቹ ገና በፊት ሊመጣ ነው፣ ኩሽናዋ በአይጥ ምክንያት ከተዘጋ ግን ሊዙን፣ የኪራይ ውሏን፣ ላንተ አዞርልሃለሁ አለው። ሙላው ሲመለስ መኪናው ውስጥ ብቻውን ፈገግ አለ። ከዚያ ወዲያ የሚፈልገው አይጦቹን ማጥፋት ብቻ አልነበረም። እሷ ዘንድ ሄደው እንዲሞቱለት፣ ግድግዳዋ ውስጥ ገብተው እንዲሸቱለት፣ ኢንስፔክተሩም አፍንጫውን ይዞ እንዲወጣ ነው የፈለገው።

መንገዱን ያሳየው ሚስተር ፍሎሞ ነው፤ እሱ ክፋት አላሰበም። ፍሎሞ ከኒው ሆፕ ድረስ እየመጣ ቀዩን የፓልም ዘይት የሚገዛ ላይቤሪያዊ ሽማግሌ ነው። በወጣትነቱ አገሩ ላይ በአንድ ትልቅ የዘንባባ እርሻ የሠራተኞች አለቃ ነበር። ሙላው ስለ አይጥ ሲጠይቀው የሽማግሌው ዓይን በራ፤ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ጨዋታውን ቀጠለ። አይጥ ዘንባባው ላይ እየወጣ ፍሬውን ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ ከየዛፉ ሥር መርዝ ያለበት ምግብ አንድ አንድ ይቀመጣል። አይጥ ግን ሞኝ አይደለም። አዲስ ነገር ሲያይ ይሸሻል፣ ቢቀምስም ለአመል ቀምሶ ሆዱን ያዳምጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ንጹሑን አብላው፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዕቃ፣ በሚወደው ዘይት አሽተህ። ይለምድሃል፣ ያምንሃል፤ መርዙ ያን ጊዜ ነው የሚገባው። መርዙም ቶሎ የሚገድል እንዳይሆን፤ እዚያው ከወደቀ ሌሎቹ ይነቃሉ። ጥሩው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ነው። በልቶ በሰላም ቤቱ ይገባል፣ ሰንብቶ ውስጥ ውስጡን ይደማል፣ ማን እንደገደለው ሳያውቅ ይሞታል። የተበላውን በነጋታው ተካ። መበላቱን ያቆመ ቀን ሥራህ አልቋል።

ሽማግሌው ዘይቱን ይዞ በሩ ላይ ሲደርስ አንድ ነገር ትዝ አለውና ዞረ።

«እርሻችን ላይ ጉጉቶች ነበሩ» አለ። «የሞተውን አይጥ እየበሉ እነሱም ወደቁ። መርዝ የሰጠኸው ዘንድ ብቻ አይቀርም፤ ተጠንቀቅ።»

ሙላው እሺ እሺ ብሎ ሸኘው። የፊተኛውን ትምህርት አንድ ሳያስቀር ይዞታል፤ ይህችን የኋለኛዋን ግን ልብ አላላትም።

የእርሻው ሰዎች በቆሎ ነበር የሚጠቀሙት። ሙላው ዘንድ ግን ድርቆሽ ሞልቷል፤ ከአዲስ አበባ እያስመጣ ይሸጠዋል። ከማዳበሪያው ዘገነና ሰባብሮ በቀዩ ዘይት አሸው። ታሽቶ ሲያልቅ ደማቅ ቀይ ወጣው፤ እናት ባሕር ማዶ ለሚሄድ ልጇ በበርበሬና በቅቤ አሽታ የምትቋጥረውን ስንቅ ነው ቁርጥ የሚመስለው። ወለል ላይ እንዳያደርገው ሲሚንቶው እርጥብ ነው፣ ይሻግተዋል። ስለዚህ ከቤቱ ይዟት የመጣትን ትንሽ ቢጫ ሳህን ሞላና በጣውላው ማለፊያ አልፎ ፈነት መደርደሪያ ላይ፣ ከሽንኩርቷ አጠገብ አስቀመጣት። ይህን ያደረገው አመሻሹ ላይ፣ ሱቁን ሲዘጋ ነው። ፈነት ቀድማው ወጥታለች። ጠዋት ደግሞ ቀድማው ትገባለች፤ የቁርስ ሥራ የሚጀመረው ገና ሳይነጋጋ ነውና።

በነጋታው ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ወርዶ ቢያይ ሳህኗ ባዶ! ፍርፋሪ እንኳ የለባት፤ የታጠበች ነው የምትመስለው። በድርቆሹ ፈንታ ጥቂት የቆሎ ፍሬ ተበትኖባታል። ሙላው አፉን በመዳፉ ከድኖ ሳቀ። የፍሎሞ አይጦች ሲጠራጠሩ ይከርማሉ፣ የሚኒሶታ አይጥ ግን ዓይን አውጣ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ሙልጭ አድርጎ በላው! ቆሎውንም በገዛ ሂሳቡ ተረጎመው። ከፈነት ጆንያ እየሰረቁ እዚሁ ቁጭ ብለው ሲቆረጥሙ አንጠባጥበው ነው አለ። ቤቷ ይህን ያህል ተወርሯል ማለት ነው አለ። እንደገና ሞላት፤ በነጋታው እንደገና ባዶ፣ እንደገና ቆሎ። አይጥ ቆሎ በሳህን ሲያቀርብ ማን አየ? ግን ሰው ልቡ የተመኘውን ካገኘ ዓይኑን መጠየቅ ይተዋል።

መተማመኑ ጸንቷል ብሎ ሲያስብ መርዙን ገዛ። ከከተማው ወጣ ብሎ ለገበሬዎች ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ነው ያመጣው። ነጭ ዱቄት ነው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። ከዕቃው ጀርባ ላይ ሰው በስህተት ቢበላው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂድ፣ ማርከሻው ቫይታሚን ኬ ነው የሚል ተጽፎበታል። ሙላው ቀስ ብሎ አነበበው። ጓንት አጠለቀ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፈነ፤ ለራሱ ሲሆን ጠንቃቃ ነው። ድርቆሹን ሲያሽ መዝሙር እያንጎራጎረ ነበር።

ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ስንታየሁ ሴንት ሉዊስ ፓርክ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው፤ ጠዋት ገብታ ከሰዓት ትወጣለች። እርግዝናው ከያዛት ጀምሮ የድርቆሽ ፍርፍር አምሯታል፤ ያውም ቀይ፣ በርበሬው የሚጮኽ። ራሷ እንዳትሠራው ሽንኩርት ሲጠበስ ከሸተታት ያስመልሳታል። የእርጉዝ አምሮት ደግሞ በኛ ዘንድ የሚቀለድበት ነገር አይደለም። ጎረቤት የሰማ እንደሆነ ሠርቶ ይልካል፣ ባል የሰማ እንደሆነ የትም ገብቶ ያመጣል። ሙላው ግን ድርቆሹ ለሽያጭ ነው አላት። አምሮት እኮ አገር ቤት ቀረ፣ እዚህ የታዘዘልሽን ቫይታሚን ዋጪ ብሎም አሾፈባት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አልቅሳ ተኛች። ለሚስቱ የነፈጋትን ድርቆሽ ለአይጥ በሳህን ያቀርብ ነበር፤ እስቲ ፍረዱ!

ከዚያ በኋላ አምሮቷ ጸጥ አለ። ሙላው አልጠየቀም፤ መነዝነዝ መተዋ በቃው። እንዲያውም ስንታየሁ ለባሏ ልዩ ሰው ሆነች። ከሱቅ ሲገባ ከነሆዷ ተነስታ ትቀበለዋለች፣ ትከሻውን ታሽለታለች፣ ወጡን ቀድማ ለሱ ትጨልፋለች። አንድ ቀን እራት ላይ ድንገት ግንባሩን ስማ እግዜር ይስጥልኝ ሙልዬ አለችው። ለምኑ ነው ቢላት ሳቅ ብላ ዓይኗን ሰበረች። እርግዝና ሴትን ያለሰልሳል ሲባል ሰምቶ ነበርና በዚያ አሳበበ። ያን ሁሉ ፍቅር ከየት መጣ ሳይል ተቀበለ፤ የሱ ገንዘብ ይመስል።

ሳህኗ ግን መበላቷን አላቆመችም። በፍሎሞ ትምህርት ከሆነ አይጦቹ እየሞቱ፣ ድርቆሹም እየተረፈ መሄድ ነበረበት። ሙላው ፈነት በሌለችበት ሰዓት እየወረደ ግድግዳዋን ያሸታል፣ ከመደርደሪያዋ ሥር በባትሪ ያያል፤ አንድ ሬሳ የለ፣ ሽታ የለ፣ በረኪና ብቻ። ጭራሽ በሱ ወገን የዱቄቱ ማዳበሪያ ተበስቶ አገኘው። ደማቸው ጠንካራ ነው ማለት ነው አለና ዱቄቱን ጨመረ። በነጋታው ሳህኗ ባዶ፣ ቆሎው በቦታው። ኢንስፔክተሩ የሚመጣበት ሳምንት ሲቃረብ ንዴቱ እጁን አፈጠነው፤ ሳይለካ እፍኝ ዘግኖ አሸበት።

በዚያው ሰሞን ስንታየሁ ክንዷን አልጋው ገጨኝ ብላ አሳየችው። ትንሽ ግጭት ነው፣ ነገር ግን ከክርኗ እስከ ትከሻዋ ጠቁሯል። ጥርሷን ስትቦርሽ ድዷ ይደማል፣ አንዴም ሥራ ላይ ነስሯት አንሶላ ተበላሽቶባታል። ሐኪም ልደውል ወይ ብትለው ቀጠሮሽ የፊታችን ሳምንት አይደል እንዴ አላት። ብረት አንሶሽ ነው፣ ሥጋ ብዪ፣ ከሥራ ሺፍትሽም አትቅሪ አላት። እጁ ላይ ያለው ነገርና የሚስቱ ደም በልቡ ውስጥ አልተገናኙም። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መርዝ በየማታው የሚያሽ ሰው፣ ደሟ አልረጋ ያለ ሚስቱን ፊት ለፊት እያየ!

ኢንስፔክተሩ ሊመጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው፤ ሙላው ባንኮኒው ኋላ ቆሞ ደንበኛ ሲያስተናግድ ፈነት ሽርጧን እንዳጠለቀች በግሮሰሪው በር ገባች። ከተኳረፉ ወዲህ ደጁን ረግጣ አታውቅም። ሽርጧ ላይ ደም አለ። ስንታየሁ እኔ ቤት ወድቃለች፣ ደም ይፈሳታል፣ አምቡላንስ ጠርቻለሁ፣ ና አለችው። ሙላው መጀመሪያ የመጣለት ሚስቴ አንቺ ቤት ምን ትሠራለች የሚል ነበር፤ የጎረቤቱ በር ላይ ሲደርስ ግን ስንታየሁን ከወንበሮቹ መሃል ተጋድማ አያት። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል፤ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛለች።

ሆስፒታል ሲደርሱ እሷን ወደ ውስጥ አስገቧት። ሙላውና ፈነት ኮሪደሩ ላይ ቀሩ። ፈነት እጇን እያፋተገች የሆዷን አወጣች።

«ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። እንዳይታወቅብህ ፈልገህ ነበር፣ አውቃለሁ፤ ግን አሁን ልደብቅህ አልችልም። ያቺን ሳህን ከሽንኩርቴ አጠገብ ያየሁ ቀን አልቅሻለሁ። አኩርፎኛል፣ አፉን ከፍቶ ሥሪልኝ ማለት ከበደው፤ ለሚስቱ አምሮት ግን ድርቆሹን አምጥቶ አስቀመጠልኝ አልኩ፤ ድርቆሽ እንዳማራት ደጅ ላይ ስንገናኝ ነግራኝ ነበር። ስንትዬን በጓሮ በር ጠርቼ፣ ባልሽ ነው የላከልሽ፣ ኩራቱን እንዳትነኪበት፣ ማወቅሽንም እንዳታሳዪው አልኳት። በርበሬው ያነሰው መሰለኝና እየጨመርኩ በየቀኑ ሠራሁላት። የእርጉዝ አምሮት አይካፈሉትም ብዬ እኔ ቁራሽ አልቀመስኩም። ሳህንህንም አጥቤ ነው የመለስኩት። ባዶ አይሄድም ብዬ ቆሎ ጣል አደርግበት ነበር፤ አየኸው አይደል?»

ሙላው ግድግዳውን ይዞ ቆመ። ጉጉቶቹ ትዝ አሉት። የግንባሩ መሳም ትዝ አለው፤ እግዜር ይስጥልኝ ሙልዬ ያለችው ትዝ አለው። ፈነት ደነገጠችና ክንዱን ያዘችለት፤ አይዞህ ወንድሜ፣ እግዜር አለ እያለች ታጽናናው ጀመር።

ወዲያው ነርስ መጥታ ሁለቱንም ወደ ክፍሉ አስገባቻቸው። ስንታየሁ በጀርባዋ ተጋድማለች፤ ከንፈሯ ላይ ደም ደርቋል፣ በአፍንጫዋ ጥጥ ገብቷል። ሆዷ ላይ መሣሪያ አድርገው የጽንሱን ልብ ያዳምጣሉ፤ ትርታው ክፍሉ ውስጥ ይሰማል፤ ቀጭንና ሰነፍ ነው፣ ግን አለ። ስንታየሁ በደህና ቀኗ እንግሊዝኛው አያንሳትም ነበር፤ ያን ሰዓት ግን ከአማርኛ ሌላ አልወጣ አላት። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ስልክ በድምጽ ማጉያ ከፍተዋል፤ ከስልኩ ውስጥ አንዲት አስተርጓሚ ሐኪሟ ያለችውን በአማርኛ፣ ስንታየሁ ያለችውን በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ክፍሉ ውስጥ የተነገረውን ሁሉ ነው የምትተረጉመው፤ ሥራዋ ነው።

ሐኪሟ ነገሩን አላስረዘመችም። የዚህች ሴት ደም መርጋት አቁሟል፣ በብዙ ቦታ እየደማች ነው፣ ሕፃኑም እየደከመ ነው አለች። ይህን የሚያደርግ መድኃኒት አለ፣ የአይጥ መርዝም እንዲሁ ያደርጋል፤ ምን እንደወሰደች የሚያውቅ ሰው ካለ አሁን ይንገረን፣ የምርመራውን ውጤት ስንጠብቅ ጊዜ እያለፈብን ነው አለች። አስተርጓሚዋም ቃል በቃል መለሰችው።

ቫይታሚን ኬ። ሙላው ምላሱ ላይ ነበር። ሁለት ቃል ናት፣ ለዚያውም ሁለተኛይቱ አንዲት ፊደል። የልጁ ልብ እዚያው ይመታል፣ ይሰማዋል። ታዲያ አፉን የያዘው ምን ነበር? ልንገራችሁ፤ ሱቁ ነው። ሱቁ፣ ፖሊስ፣ የቤተ ክርስቲያኑ በር፣ የሚጨብጣቸው እጆች ሁሉ። ውሃ ልጠጣ ብሎ ወጣ።

ኮሪደሩ ላይ ውሃ ጠጣ፣ ፊቱንም ታጠበ። ከዚያ እርጥብ ፊቱን በእጅጌው እየጠረገ ማሰብ ጀመረ። ልጄ የወንጀለኛ ልጅ ሆኖ ይወለድ እንዴ አለ፤ በዚያች ሰዓት እንኳ ለልጄ ስል ነው ነበር የሚለው። መርዙ ይታወቃል፣ እሱን መደበቅ አይቻልም። እጁ ግን የማን እንደሆነ ማን ያውቃል? ምግቡ የተሠራው በፈነት ድስት፣ የተበላውም በፈነት ወንበር ላይ ነው። እሷ ራሷ አልቀመስኩም ብላለች። የከተማው ኢንስፔክተር ደግሞ ደጇ ላይ ነው። ነገሩን ከላይ እስከ ታች አየው፣ ቀዳዳውን ፈተሸው፣ አንዱን ቃል ጥሎ በሌላ ተካው። እንዲህ ሲያደርግ ምን ያህል እንደቆየ እሱም አያውቀውም። ፈነት አንዴ በሩን ከፍታ ብቅ ብላ ና እንጂ ብላዋለች፤ መጣሁ ብሏታል።

ሲመለስ ትርታው አይሰማም። ነርሷ መሣሪያውን ሆዷ ላይ ወዲያ ወዲህ ታንቀሳቅሳለች፤ ከፍ ታደርጋለች፣ ዝቅ ታደርጋለች፣ ጫን ትላለች። ኋላ ድምጹን ዘጋችና ሐኪሟን አየቻት። ሙላው ግን ያዘጋጀውን ይዞ ስለገባ ማቆም አልቻለም፤ በእንግሊዝኛ ተናገረ፣ ፈነት ፈጣን እንግሊዝኛ እንደማይገባት ያውቃል።

«ይህች ሴት ኩሽናዋ ውስጥ የአይጥ መርዝ ታስቀምጣለች። ሚስቴን በድብቅ ስትመግባት የኖረችው እሷ ናት። እኔ እንዳትሄድ ከልክያት ነበር። ማርከሻው ቫይታሚን ኬ ነው።»

ሐኪሟ ወዲያው ጮኻ ትእዛዝ ሰጠች፤ አንዷ ነርስ ሮጣ ወጣች። አስተርጓሚዋ ደግሞ በተረጋጋ ድምጽ ያለውን ሁሉ በአማርኛ ለክፍሉ ዘረገፈችው። ፈነት ሰማች። እኔ አለች፤ እኔ ብላ ቀረች፣ ያ ትልቅ ድምጿ የት እንደገባ እንጃ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። በሩ ላይ የቆመ የሆስፒታሉ የጥበቃ ሰው ጠጋ ብሎ ክንዷን ያዛት፤ ጥቂት ቀደም ብላ ሙላውን ደግፋ የያዘችበትን ክንዷን። አልታገለችም። ሽርጧ ላይ የደረቀውን ደም እያየች ቆመች።

ያን ጊዜ ስንታየሁ ዓይኗን ገለጠች። መድኃኒቱን ይዛ የተመለሰችው ነርስ ክንዷን እየፈለገች ነው፤ ስንታየሁ ግን ፊቷን ወደ ባሏ አዞረች። ቁጣ አልነበረባትም። ለቀናት ስትስመው፣ ስታመሰግነው፣ ኩራቱን እንዳትነካ ስትጠነቀቅለት የቆየችውን ሰው ነው የምታየው። አዎ እንዲላት የፈለገች ትመስላለች።

«ሙልዬ» አለች፤ «ሳህኗን ከሽንኩርቱ አጠገብ የምታስቀምጥልኝ አንተ አልነበርክ እንዴ?»

ሙላው አፉን ከፈተ። አዎ ቢል ገዳይ ነው። አይደለሁም ቢል ደግሞ ስንታየሁ በዕድሜዋ ሙሉ ሠራልኝ ብላ የያዘችለትን ብቸኛ ደግነት፣ ያቺን አንዲት ሳህን፣ በገዛ አፉ መካዱ ነው። ትንሽ ጊዜ ቢያገኝ ሦስተኛ መልስ ባላጣ ነበር። አስተርጓሚዋ ግን ጊዜ አልሰጠችውም፤ የስንታየሁን ጥያቄ አንዲት ቃል ሳታጎድል፣ ሳህኗንም ሽንኩርቱንም ጨምራ፣ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው።

ሐኪሟ ከስንታየሁ ክንድ ላይ ቀና ብላ አየችው። የጥበቃው ሰው የፈነትን ክንድ ለቀቀ። አስተርጓሚዋም በስልኩ ውስጥ ሆና መልሱን ልትተረጉም ጠበቀች።